ጠማማው ቅርንጫፍ አይጣልም፦ የኢኬባና ክፍል ማስታወሻ ከኪዮቶ

ጥር፣ ሦስተኛው ሳምንት

አበባ ሻጩ የኡሜ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቷል። ኡሜ የፕሪም ዘመድ ነው። ቅጠል ሳያወጣ፣ ብርዱም ሳይለቅ ያብባል። ጥቅሉ ሲፈታ ሁለት ዓይነት እንጨት አለበት። አንዱ አርጅቶ የተጣመመ፣ ቅርፊቱ ላይ የዛፍ ሽበት ያበቀለ ነው። ሌላው አምና የወጣ፣ አረንጓዴ፣ ቀጥ ብሎ የተመዘዘ ለጋ ነው። ኡሜ የሚደረድር ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ሽማግሌው እንጨት የዛፉን ዕድሜ ያሳያል፤ ለጋው ደግሞ ዛፉ ዘንድሮም እንዳለ።

ለአዲስ አንባቢ፦ የምኖረው ኪዮቶ ነው። ኢኬባናን፣ የጃፓንን የአበባ አደራደር ጥበብ፣ የተማርኩት ኢኬኖቦ በሚባለው ትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን አዳራሽ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩትን መምህሬን አግዛለሁ። ማስታወሻውን የምይዘው ለከርሞ እንዲረዳኝ ነው፤ የትኛው እንጨት መቼ መጣ፣ ማንን ምን አስቸገረው፣ ምን መላ ተገኘለት። ወሩን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። እጄ የለመደው እሱን ነው።

ዘንድሮ ከተመዘገቡት አንዱ የሀገር ልጅ ነው። ለማስተርስ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ሆለታ አካባቢ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ውስጥ፣ ፖስት ሃርቨስት በሚሉት ክፍል ይሠራ ነበር፤ የተቆረጠ አበባ በርዝመትና በጥራት የሚለይበት። ሌላው ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሜትር ከኪሳቸው አይጠፋም። ቀሪዎቹ ሁለት እናቶችና አንዲት የቋንቋ ተማሪ ናቸው።

ልጁ ጥቅሉን እንደፈታ እጁ ወደ ለመደው ሥራ ሄደ። ቀጥ ያሉትን ለጋዎች በቀኝ፣ የተጣመሙትን በግራ ከመረ። ፍጥነቱ ይገርማል። ሌሎቹ ገና የጋዜጣውን ክር እየፈቱ ነው።

"እነዚህስ?" አልኩት፣ የግራውን ክምር እያሳየሁ።

"ሪጀክት ናቸዋ፣ እትዬ።"

ያለውን ለመምህሬ ስተረጉምላቸው ሳቁ። ከዚያ ከሪጀክቱ ክምር በጣም የጠመመውን መዝዘው ሰጡት። የዛሬው ዋና እንጨትህ ይኸው አሉት።

ጥር፣ ማብቂያ

ሾካ ጀመርን። ሾካ የኢኬኖቦ አንዱ የአደራደር ዓይነት ነው፤ ሦስት ዋና መስመሮች አሉት፦ ሺን፣ ሶኤ እና ታይ። ሺን ረጅሙ ነው፣ መሐል ይቆማል። ሶኤ የእሱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ታይ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆኖ ከፊት ዝቅ ይላል። የቀረው ሁሉ የእነዚህ ረዳት ነው።

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሜትራቸውን አወጡ። ሦስቱንም ልክ በልክ ቆረጡና ኬንዛኑ ላይ ተከሏቸው። ኬንዛን ማለት የነሐስ መርፌዎች ጥቅጥቅ ብለው የቆሙበት ከባድ የእርሳስ መሠረት ነው፤ ግንዱ በመርፌዎቹ መሐል ይሰካል። የአዛውንቱ ሥራ በልኬት እንከን አልነበረውም። ነገር ግን ሦስት እንጨት ሦስት ቦታ ቆሞ ነበር። ሾካ ላይ ሁሉም ከአንድ እግር መነሳት አለበት። ከውኃው ወለል እስከ አራት ጣት ያህል ከፍታ ድረስ ግንዶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው፣ ከፊት ለሚያይ ሰው አንድ ግንድ ብቻ ይታያል። ቅጠል የለ፣ ቡቃያ የለ፣ የሚያደናቅፍ የለ። ከዚያ በላይ ነው የሚበተነው። መምህሬ ይህቺን ክፍል መጀመሪያ ያያሉ። እሷ ካልጠራች የላዩን ቀና ብለው አያዩትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፀሐይ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዛፉ ላይ ሳለ ፀሐይ ያየ ፊትና ጥላ የያዘ ጀርባ ነበረው። ተቆርጦም ይኸው ይቀራል። ጀማሪ ሁልጊዜ "የት ልትከለው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ዛፉ ላይ ሳለ ወዴት ነበር የሚያየው? ቅርንጫፉን በጣትህ መሐል ቀስ እያልክ አዙረው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቡቃያዎቹ ሁሉ ወዳንተ ዞረው ታገኛቸዋለህ። ፊቱ እሱ ነው።

ልጁ ይህን ለማየት ጊዜ ወሰደበት። ምክንያቱን ራሱ ነገረኝ። "እኛ ጋ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሁሉም ሽቅብ ነው የሚሄደው። ፊትና ኋላ የለውም። እንዲኖረውም አንፈልግም።" ልክ ነው። ገዢው በካርቶን የሚፈልገው አንድ ዓይነት አበባ ነው። አንዱ አንገቱን ካዞረ ጥቅሉ ይበላሻል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንንም አስተማረን። ግንድ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እዚያው ይቆረጣል፤ ሚዙኪሪ ነው የሚባለው። እናቶቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ በሰባራ ጃፓንኛ ቀደመኝ። አየር ላይ ከተቆረጠ የግንዱ ቧንቧ አየር ይስባል፣ የአየሩ አረፋ መንገዱን ይዘጋል፣ አበባው በሁለት ቀን አንገቱን ይደፋል። በዚህ ጉዳይ ሆለታና ኪዮቶ አንድ ናቸው።

የካቲት፣ መጀመሪያው ሳምንት

ናርሲስ። እዚህ ሱይሰን ነው የሚሉት። ብርድ የማይበግረው፣ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ጽዋ ያለው አበባ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የክፍሉ ሁሉ ላብ የወጣው ግን ዛሬ ነው።

ሱይሰን ከሥሩ አጠገብ አራቱን ቅጠልና የአበባውን ዘንግ አንድ ላይ የሚይዝ ነጭ ስስ ሽፋን አለው። ሀካማ ይባላል። ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሀካማውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዘህ እያሸህ ታለሰልሰዋለህ። አትጫንም። ሲላላ ቅጠሎቹንና ዘንጉን አንድ በአንድ ከውስጡ ትስባቸዋለህ። ሀካማው ሙሉውን፣ ሳይቀደድ፣ ባዶ ቱቦ ሆኖ እጅህ ላይ ይቀራል። ውኃ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል እርጥብ ጣት መሐል አድርገህ ከታች ወደ ላይ ትደባብሰዋለህ። ቅጠሉ ሙቀቱንና ጉልበቱን እየተቀበለ ትንሽ ይጠመዘዛል። የአራቱን ቅጠል ቁመት ታመጣጥናለህ፤ ሁለቱ ረዘም፣ ሁለቱ አጠር፣ አበባው መሐላቸው። በመጨረሻ ሁሉንም ከሥር ሰብስበህ ተመልሰው ሀካማው ውስጥ እንዲገቡ ታደርጋለህ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ማንም ያልነካው፣ ከመሬት እንደወጣ ያለ ተክል ነው።

አብዛኛው ሰው የሚቀድደው ሲያስገባ ነው። አንደኛዋ እናት ሦስት ቀደዱ። ከዚያ ሳቁና፣ እኔ ለልጄ ካልሲ ሳጠልቅም እንዲሁ ነኝ አሉ።

ልጁ ጸጥ ብሎ ሠራ። እጁ ለስላሳ ነው፣ በቀን ስንት ሺህ ግንድ ሲያልፍበት የኖረ እጅ ነው። ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። "እትዬ፣ መልሰን እንደነበረ ለማድረግ ከሆነ ለምን ፈታነው?"

እንደነበረ አልነበረም። መጀመሪያ ሲመጣ ቅጠሎቹ በካርቶን ተጨፍልቀው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነበሩ። አሁን የብርድ አበባ ናቸው። ነፋስ ያገኛቸው፣ ቅጠላቸው አበባውን የከለለ። መስክ ላይ በጥርና በየካቲት ሱይሰንን ሄዶ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልጁን በማግስቱ ወደ ወንዙ ዳር ውሰጂው አሉኝ መምህሬ፤ ካሞ ወንዝ ማለታቸው ነው። ሄድን። ምን አየህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

የካቲት 24

በጃፓን የሴት ልጆች ቀን ነው፣ ሂናማትሱሪ። ሁልጊዜ የዓድዋ ማግስት ላይ ይውላል። ትናንት ማታ ከልጁና ከሌሎች የሀገር ሰዎች ጋር በዓሉን አክብረን፣ ዛሬ የኮክ አበባ ስቆርጥ ዋልኩ።

የኮክ ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ኡሜ አይጠማዘዝም። አዛውንቱ ደስ አላቸው። ደስታቸው ብዙ አልቆየም፤ የኮክ እምቡጥ በትንሽ ንክኪ ይረግፋል። ጠረጴዛቸው ሮዝ በሮዝ ሆነ። ኮክን የያዘ ሰው ቅርንጫፉን አስቀድሞ በዓይኑ ጨርሶ፣ በእጁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው።

አብሮት የሚደረደረው ናኖሃና ነው። የእኛ ጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ፣ ያው ቢጫ። ልጁ ሲያየው "ይሄንማ አውቀዋለሁ!" አለ። ለተማሪዎቹም ዘሩ ተቆልቶና ተወቅጦ በጾም ምን ምን እንደሚሠራበት ማስረዳት ጀመረ። እዚህም ለጋው ይበላል። ስለዚህ ተግባቡ።

ናኖሃና ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን አይተውም። ቅዳሜ አዘንብለህ የተከልከው፣ ሰኞ ቀና ብሎ መስኮቱን ሲያይ ታገኘዋለህ። መምህሬ ይህን እያሰቡ ነው የሚተክሉት። ዛሬ ትንሽ ዝቅ ያለ የሚመስለው ከነገ ወዲያ ቦታው ላይ ይደርሳል።

መጋቢት

ሳኩራ፣ የቼሪ አበባው፣ አብቧል። ከተማው ሁሉ ፎቶ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ሳኩራ ብዙ አልጽፍም፤ ሁሉም ሰው ከእኔ በላይ ጽፎበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ያልተከፈተ እምቡጥ የበዛበትን ቅርንጫፍ ምረጡ። ጀማሪ ሁሉ በአበባ የተሸፈነውን ያነሳል። እሱ ከቤት ሳይደርስ ያልቃል።

ተማሪዎቹን ሮካኩዶ ወሰድኳቸው። በከተማው መሐል፣ በሕንፃዎች የተከበበ፣ ጣሪያው ባለ ስድስት ማዕዘን ቤተ መቅደስ ነው። በትውፊት ልዑል ሾቶኩ መሠረቱት ይባላል። መነኮሳቱ ከኩሬው አጠገብ እየኖሩ ለቡድሃ መሠዊያ አበባ ያቀርቡ ነበር። የኢኬኖቦ ትምህርት ቤት የወጣው ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1462 በተጻፈ አንድ የመነኩሴ ማስታወሻ ላይ ሴንኬ የሚባል የኢኬኖቦ መነኩሴ አበባ ሲደረድር የኪዮቶ ሰዎች ሊያዩት እንደተሽቀዳደሙ ሰፍሯል። ትምህርት ቤቱ ታሪኩን ከዚያ ነው የሚቆጥረው። ዛሬ ዋና ቢሮው ከቤተ መቅደሱ ጎን የቆመ ፎቅ ነው። በመስታወቱ ሊፍት ስትወጣ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ጣሪያ ከላይ ታየዋለህ። የተሻለ እይታ የለም፣ ነፃም ነው።

ልጁ ስለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ጠየቀኝ። በአጭሩ ነገርኩት። የኦሃራ ትምህርት ቤት የተነሳው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ኦሃራ ኡንሺን ከውጭ የሚገቡት አጫጭር ግንድ ያላቸው አበቦች በቆመ ዕቃ አልመች ሲሏቸው፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ መደርደር ጀመሩ። ሶጌትሱን ደግሞ ቴሺጋሃራ ሶፉ እ.ኤ.አ. በ1927 መሠረቱት፤ ማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ፣ የትም ቦታ፣ በማንኛውም ነገር መሥራት ይችላል የሚሉ ናቸው። ብረትና ፕላስቲክም ይገባል። ልጁ "ያኛው ይቀለኝ ነበር" አለ። እኔ እንኳ አይመስለኝም። ሕግ ሲላላ ዓይን ነው የሚፈተነው።

ሚያዝያ 27

እዚህ የልጆች ቀን፣ እኛ ጋ የአርበኞች ቀን። የዕለቱ አበባ ሃናሾቡ ነው፣ የአይሪስ ዓይነት። ቅጠሉ ሰይፍ ስለሚመስል በድሮ ጊዜ የወንዶች ልጆች በዓል ላይ ይወደድ ነበር። ልጁ አንዱን ቅጠል አንስቶ እንደ ጎራዴ ሰነዘረና ለአዛውንቱ ስለ ዕለቱ አስረዳ። አዛውንቱ በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

የአይሪስ ቅጠል ነጠላውን አይተከልም። ከግንዱ ይለያል፣ ተመርጦ እንደገና ይጣመራል። ጫፉን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ጎበጥ ያለ ጥፍር አለው። ሁለት ቅጠል ሲጣመር ጥፍሮቹ ወዴት እንደሚተያዩ ያልተመለከተ ሰው፣ ሥራው ለምን ቅር እንደሚለው ሳያውቅ ይቀራል። ልጁ ይህቺን ወዲያው ያዛት። ዓይኑ ትንሽ ልዩነት ለማግኘት የሠለጠነ ነው። ድሮ ልዩነት ሲያገኝ አውጥቶ ይጥል ነበር፤ አሁን ቦታ ይፈልግለታል።

ሰኔ

ዝናብ። ሃይድሬንጂያ በየአጥሩ ሞልቷል፣ እዚህ አጂሳይ ነው። ሁሉም ተማሪ ይወደዋል። ሁሉም ተማሪ ቤቱ ከወሰደው በማግስቱ ደውሎ ያማርራል፤ ጠወለገ።

መላው ይህ ነው። ግንዱን ሰያፍ ቁረጥ። መሐሉ ላይ ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ ለስላሳ ነገር ታያለህ። በመቀሱ ጫፍ ቆፍረህ አውጣው። ከዚያ የተቆረጠውን ቦታ በተቃጠለ ሸብ ዱቄት እሸው። ሸብ የሚሸጠው የጓዳ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እዚህ ለአትክልት ማቆያም ይጠቀሙበታል። ብዙ ቅጠሉንም ቀንሰው፤ ያ ሁሉ ሰፊ ቅጠል ውኃ ሲጠጣ አበባው ይጠማል።

ልጁ ሸብ ሲያይ "ይሄ እኮ ገበያ ላይ ያለው ነው!" አለ። እርሻው ላይ ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ነበር የሚጠቀሙት። በሸብ የተያዘው ሃይድሬንጂያ በሳምንቱ ቀና ብሎ ሲያገኘው ፎቶ አንስቶ ለቀድሞ የሥራ ጓደኞቹ ላከ። መልስ መጣለት፦ "ጃፓን ሄደህ የሸብ ባለሙያ ሆንክ?"

ሐምሌ 10

ጊዮን የሚባለው የኪዮቶ በዓል ትልቁ ሰልፍ ቀን ነው፤ ኪዮቶ መሐል መኪና አያልፍም። ትምህርቱን ወደ ማታ አዘዋወርነው። የሰሞኑ አበባ ሂዮጊ ነው። ቅጠሎቹ ተነባብረው እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ይወጣሉ፤ አበባው ብርቱካናማ፣ ነጠብጣብ ያለበት። በበዓሉ ሰሞን የኪዮቶ ቤቶች ክፉ ነገር እንዲርቅ በራቸው አጠገብ ያቆሙታል።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ኪዮቶ በተራራ የተከበበ ድስት ነው። በዚህ ወቅት አበባ ይቀነሳል፣ ውኃ ይበዛል። ሰፊ ዕቃ ውስጥ ኬንዛኑን ወደ ዳር ገፍተህ፣ አብዛኛውን ቦታ ለውኃው ትተዋለህ። ተማሪዎቹ ባዶ ሲመስላቸው ይጨንቃቸዋል። "አልጨረስክም እንዴ?" ይባባላሉ። መምህሬ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ እየዞሩ ምንም ሳይጨምሩ አንድ አንድ ያነሳሉ። እርማታቸው ሁልጊዜ ማንሳት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲጨምሩ አይቻቸዋለሁ፤ ያኔ ሁላችንም ደንግጠን ነበር።

ነሐሴ

ሻጩ በሙቀቱ የሀገር ውስጥ አበባ አጠረኝ ብሎ ጽጌረዳ አመጣ። ካርቶኑ ላይ "ኢትዮጵያ" ይላል። ከአፍሪካ ወደ ጃፓን የሚገባው ጽጌረዳ ብዙው የኬንያ ቢሆንም የእኛም ይመጣል። ልጁ ካርቶኑን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ግንድ አወጣና በክንዱ ለካው። "60 ነው" አለኝ። አንደኛ ደረጃ። የአበባውን እራስ በጣቱ ጨበጥ አድርጎ ተመለከተ፦ ትልቅ ነው፣ የደጋ አበባ ነው፤ የዝዋይ አይደለም፣ ከፍታ ቦታ ያለ እርሻ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው ያለችው። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ አበባው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እራሱ ይወፍራል። ዝዋይ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፤ እዚያ ምርቱ ይበዛል፣ እራሱ ግን ያንሳል። ይህን ሁሉ እየተረጎምኩ ነበር። አዛውንቱ ማስታወሻ ያዙ።

የዕለቱ ሥራ ነፃ ድርደራ ነበር፣ ጂዩካ የሚሉት። መምህሬ ልጁን አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፦ ጽጌረዳውን ከ12 ሴንቲ አታስረዝም።

መቀሱን አነሳ። አስቀመጠው። እንደገና አነሳ።

"እትዬ፣ አልችልም። 60 ለማድረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ያውቃሉ? እኔ እኮ አንድ ሴንቲ ካነሰ ሴት ልጆቹን ቆሜ የምቆጣ ሰው ነበርኩ።"

ጠበቅነው። አዳራሹ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው የሚሰማው። በመጨረሻ ቆረጠ፣ ውኃ ውስጥ አድርጎ፣ እንደሚገባው። አጭሩን ጽጌረዳ ዝቅ ባለ ዕቃ ከንፈር ላይ አስደገፈው። ኋላው የደረቀ፣ የተጣመመ የወይን ሐረግ አቆመ። ራሱ ከአዳራሹ ጓሮ ያነሳው ነበር። መምህሬ አዩና አለፉ። ምንም አላነሱም።

የቀረውን 48 ሴንቲ ግንድ ቤቱ ወሰደው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጳጉሜ 4

እዚህ የክሪሳንተመም በዓል ነው። ክሪሳንተመም በመቀስ አይቆረጥም፤ ውኃ ውስጥ በእጅ ተሰብሮ ነው የሚሻለው፤ ስብራቱ ሸካራ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል። እናቶቹ ስብራቱን ሲሰሙ ይዘገንናቸዋል። ልጁ ግን ቀጨ ቀጨ እያደረገ ጨረሰው።

መስከረም፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ

ሱሱኪ መጣ። ረጅም፣ ላባ የመሰለ ራስ ያለው ሣር። ለጨረቃ ማየት ይቆማል። ሱሱኪ ከተቆረጠ ቶሎ ይጠቀለላል፤ የተቆረጠውን ጫፍ ለአፍታ ኮምጣጤ ውስጥ ነከር ማድረግ ይረዳዋል። አብሮት ኦሚናኤሺ አለ፤ ቢጫ፣ ጭፍራ ጭፍራ ሆኖ የሚያብብ። ከጥንት ጀምሮ ከመጸው ሰባት ዕፀዋት አንዱ ነው። ውኃው ቶሎ ስለሚሸት በየቀኑ መቀየር አለበት። በግጥም የሚወደስ አበባ ቤት ውስጥ ካልሲ ካልሲ ሲሸት ሳቅ ነው።

ልጁ ቢጫውን ሲያይ "የአደይ ምትክ" አለ። እኔ የተሻለ ነገር አለኝ። እዚህ የአበባ መሸጫዎች ዊንተር ኮስሞስ ብለው የሚሸጡት ቢጫ አበባ ቢደንስ ነው። አደይ አበባም ቢደንስ ነች፣ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ቅጠሉ ትንሽ ይለያል፤ አበባውን ግን ከሩቅ ያየ ሀበሻ ቆም ይላል። የዚህኛው ችግር ወቅቱ ነው። ከአደይ ዘግይቶ ነው የሚያብበው፤ ወደ ብርዱ ይሄዳል። ሻጩን አሁኑኑ ጠይቄ በኅዳር እንዲያመጣልኝ ተስማማን።

ኅዳር፣ መጀመሪያ

በኢኬኖቦ ዋና ቤት ዓመታዊው ትልቅ ትርኢት ሰሞን ነው። ኪዩ ታናባታ ካይ ይባላል፤ ከመላ ጃፓን የመጡ ሥራዎች ሮካኩዶና አካባቢውን ይሞሉታል። የእኛ ክፍል እዚያ የለበትም፤ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ግን በዚያው ሳምንት በሰፈር አዳራሽ አነስ ያለ ኤግዚቢሽን አለን።

አዛውንቱ ኡሜ አላገኙም፣ ወቅቱ አይደለም። ስለዚህ ጥድ ይዘዋል። ሜትራቸውን ቤት ትተው እንደመጡ ነገሩኝ፤ ከኪሳቸው ላይ ግን ጫፉ ይታያል።

ልጁ ዊንተር ኮስሞሱን ወሰደ። ጠዋት ላይ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ግንዱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቀጥ ያሉትንና የጎበጡትን ለየ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ እጁ ወደ ጎበጡት ሄደ። አንዱን አንስቶ በጣቱ መሐል አዞረው፣ ቀስ እያለ፣ አበቦቹ ወደ እሱ እስኪዞሩ። ሺን አደረገው። ከሥር ለታይ ያደረገው ሁለት ያልተከፈቱ እምቡጦችና አንድ ዘር የያዘ ራስ ነው። ከእግሩ እስከ አራት ጣት ያህል ንጹሕ ነው።

አንዲት የጃፓን እናት ቆመው ሲያዩ ይህ የት አገር አበባ ነው ብለው ጠየቁት። "የኛ አዲስ ዓመት አበባ ዘመድ ነው። ወሩ ግን ልክ አይደለም" አላቸው። መምህሬ ከኋላ ሰምተው ነበር። ወሩን ተወው፣ ዘሩን ጨምረህበታል እኮ፣ ያለበትን ጊዜ ተናግረሃል አሉት። ልጁ ወደኔ ዞሮ፣ "ተርጉሚልኝ እትዬ" አለ። ከደስታው ብዛት አንቱታውም ጠፋበት።

ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ

ለጃፓን አዲስ ዓመት ትእዛዝ አስገባን። ጥድ፣ ቀርከሃ ትንሽ፣ ቀይ ፍሬ ያለው ናንዲና፣ እና ረጅም አኻያ። አኻያው መሐሉ ላይ ቀለበት ሆኖ ይታሰርና ጫፉ እስከ ወለል ይወርዳል። ቀለበቱ እንዳይሰበር አኻያው ቀድሞ በእጅ ሙቀት ቀስ ተብሎ መለማመጥ አለበት። ሻጩን ረጅሙን እንዲያመጣ አሳስቤዋለሁ፤ አምና ያመጣው አጭር ነበር።

ልጁ ማታ ደወለ። እስከ መስከረም አንድ ሴሚስተር ይቀረዋል፣ ከዚያ በፊት ሱይሰንን እንደገና መሥራት ይፈልጋል። ሀካማው ሳይቀደድ አስገብቶ ያውቃል፤ ቅጠሉ ላይ ግን አልረካም። ሱይሰኑ ጥር ላይ ይመጣል። ለሁለት ሰው የሚሆን ጨምሬ አዝዣለሁ፤ ሌላኛዋ፣ የካልሲዋ እናት ናቸው።